«ግንቡ የት አለ?»

የልጅ ልጆቻቸው በውጭ አገር የሚያድጉ እኩዮቼ በየዓመቱ የሚጠያየቁት አንድ ነገር አለ። «ልጆቹ መጡልሽ? የት ልትወስጃቸው አሰብሽ?» መልሱም ያው ነው። አንድ ቀን ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር፣ አንድ ቀን የገበያ ማዕከል፣ ሦስት አራት ቀን ዘመድ ጥየቃ፣ ከዚያ ሻንጣ መዝጋት። ዘመድ ጥየቃው ለእኛ ነው እንጂ ለልጆቹ አይደለም። የማያውቁት ሰው ሁሉ ጉንጫቸውን እየሳመ «አላወቃችሁኝም?» ሲላቸው ይውላል። ከዓመት በኋላ በስልክ «ከኢትዮጵያ ምን ትዝ ይልሃል?» ስትሉት የሚነግራችሁ ስለ መዋኛ ገንዳው መንሸራተቻ ነው። መንሸራተቻ ደግሞ እነሱም አገር ሞልቷል።

እኔ ዘንድሮ የልጅ ልጆቼን አንኮበር ወሰድኳቸው። ሰሜን ሸዋ ለአዲስ አበባ ሰው እጅግ ቅርብ ሆኖ ሳለ፣ ብዙዎቻችን ደሴና ኮምቦልቻ ስንሄድ በመስኮት ከማየት በቀር አናውቀውም። ስለዚህ ጉዞው ምን እንደሚመስል ልጻፍላችሁ።

ነገሩ የተጀመረው ካርካሶን ከምትባል የፈረንሳይ ከተማ ነው። ልጄ የምትኖረው ቱሉዝ ነው፤ ካርካሶን ከዚያ ሩቅ አይደለችም። በትምህርት ቤት ዕረፍት ልጆቿን ይዛ ሄዳ ነበር። የ11 ዓመቱ ልጅ ግንቡ ላይ ቆሞ በቪዲዮ ደወለልኝ። ከተማዋ ኮረብታ ላይ የተቀመጠች፣ በሁለት ዙር ግንብ የታጠረች፣ 52 ማማ ያላት ናት። የግንቦቹ ርዝመት ሲደመር 3 ኪሎ ሜትር ይሆናል። እያንዳንዱን ማማ ሊያሳየኝ ስልኩን ሲያዞር እኔንም ራሴን አዞረኝ። በመጨረሻ በዚያች ቁርጥርጥ ባለች አማርኛው «እማማ፣ እናንተ ጋ እንደዚህ አለ?» አለኝ።

«አለ እንጂ! የሸዋ ነገሥታት ከተማ አለን። ከፈረንሳይ ንጉሥ ጋር ውል የተዋዋለ ንጉሥ የነበረበት ተራራ ነው። ስትመጣ አሳይሃለሁ» አልኩት።

ልጅ የተገባለትን ቃል አይረሳም። ለፈረንጆቹ ገና ዕረፍት ሲመጡ፣ ገና ከአውሮፕላን ማረፊያ እንደወጣን የጠየቀኝ ስለ ተራራው ነው። እናቱ ግን ደስ አላላትም። «እማዬ፣ ያለን 12 ቀን ነው። ትንሿ መኪና ላይ ያስመልሳታል። ብርድ ነው። ደግሞ ምን አለ እዚያ?» አለች። የመጨረሻዋ ጥያቄ አንጀቴን በላችው። ልጄ አዲስ አበባ ተወልዳ፣ አዲስ አበባ ተምራ፣ 24 ዓመት እስኪሞላት እዚሁ ኖራለች። አባቴ ግን የሸዋ ሰው ነው፤ «ምን አለ እዚያ?» የተባለው አገር የአያቷ አገር ነው። በሁለት ቀን ደርሰን እንድንመለስ ተስማማን።

ግንብ ብቻ ከተፈለገ ሐረር ነበር መሄድ ያለብን። ጀጎል በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተሠራ፣ አምስት ጥንታዊ በሮች ያሉት፣ ዛሬም ሰው ተጋብቶና ተዋልዶ የሚኖርበት ግንብ ነው፤ በ1998 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ሐረር ግን በሁለት ቀን ተደርሶ የሚመለሱበት አይደለም። ሐረርና አንኮበር የሚገናኙበት ነገርም አለ፤ እመጣበታለሁ።

በጠዋት ተነሳን። ሰንዳፋን፣ አለልቱን አልፈን ሸኖ ስንደርስ በዚያ አካባቢ ስላለው ስለ ሰገሌ ሜዳ ልነግራቸው ጀመርኩ፤ በ1909 ዓ.ም የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ጦርና የሸዋ መኳንንት ጦር የተዋጉበት ነው። ልጁ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቷል፤ ትንሿ ተኝታለች። ተውኩት። መኪና ውስጥ ታሪክ መተረክ ለሚተርከው እንጂ ለሚሰማው አይጥምም።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ ብርዱ ከመኪና ሲወረድ ወዲያው ይቀበላል። ምሳ እየበላን የከተማዋን ስም ነገርኳቸው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዚህ ቦታ ሳሉ ከሰማይ ብርሃን ታየ፤ እሳቸውም ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፣ ቤተ መንግሥታቸውንም እዚሁ አድርገው የዘመናቸውን መጨረሻ ዓመታት ተቀመጡ። የደብሩ ስም ከዚያ ብርሃን መጣ። አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች ያ ብርሃን እንደ ፈረንጆቹ በ1456 የታየችው የሃሌ ጅራታም ኮከብ ሳትሆን አትቀርም ይላሉ።

ልጁ ማዳመጫውን አወለቀ። የሃሌን ኮከብ በመጽሐፍ አንብቧል። በ76 ዓመት ገደማ አንዴ እንደምትመለስና ቀጥላ የምትታየው በ2061 እንደሆነ እሱ ነገረኝ። «ያኔ እኔ አያት ነኝ» አለና ሳቀ። እኔ ስንት ዓመት እንደሚሆነኝ አልጠየቀም፤ ደግ አደረገ።

ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ ተገንጥሎ አንኮበር የሚያደርሰው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የገብስ ማሳ፣ በግ፣ የድንጋይ ቤት፣ ባሕር ዛፍ፣ እንደገና የገብስ ማሳ። አገሩ ሁሉ ሜዳ ይመስላል። ከዚያ በድንገት መሬት ያልቃል። ሌላ አገላለጽ የለኝም። ቆላው ከእግር በታች ተዘርግቶ እስከ አፋር ይወርዳል፤ ጠዋት ከሆነና ጉሙ ካልተነሳ ዓይን እስኪደክም ይታያል። ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳዎች ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። ጭላዳ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የለም። ዝንጀሮ ይምሰል እንጂ ዋና ምግቡ ሣር ነው። ትንሿ ከመኪና ወርዳ «እነሱም ቀዝቅዟቸዋል፣ ካፖርት ለብሰዋል» አለች፤ ጋሜያቸውን አይታ ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ማስመለስ ያነሳ የለም።

የዛሬዋ የአንኮበር ከተማ ጎረቤላ ናት። የነገሥታቱ ኮረብታ ከእርሷ ትንሽ አለፍ ብሎ ብቻውን ሾጥጦ ይታያል። መኪና እስከ እግሩ ነው የሚያደርሰው፤ ከዚያ በእግር ነው። እኔ ሦስት ጊዜ ዐረፍኩ። ልጁ ቀድሞን ሮጠ፤ ግንቡን ማንም ሳይቀድመው ሊያይ ነው።

ላይ ስንደርስ ቆሞ ጠበቀን። «ግንቡ የት አለ?» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር ከጥንቱ ቤተ መንግሥት በዓይን የሚታየው በድንጋይና በኖራ የተሠራ አንድ የግንብ ቁራጭ ነው። ኮረብታው ላይ በድሮው ቤተ መንግሥት አምሳል የተሠራ የእንግዳ ማረፊያ ነበር፤ እሱ ግን አዲስ ነበር። ልጁ ቁራጯን ግንብ ዞራት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። «ይህ ብቻ ነው?» አለ። እናቱ በፈረንሳይኛ ቆጣ አለችው። ምን እንዳለችው ባይገባኝም ፊቱ ጥቁር አለ። እኔም ዳገቱ ያላደረገኝን ያኔ ጉልበቴ ተብረከረከ፤ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

የአካባቢው ሰው የሆኑ አንድ ሽማግሌ አብረውን ወጥተው ነበር። ያለውን ነገር ከፊታችን ተረዱት መሰለኝ፣ ልጁን «ና እስቲ የኔ ልጅ» ብለው እጁን ይዘው ወደ ምሥራቁ ጠርዝ ወሰዱት። «ወደ ታች እይ። በዚህ በኩል ጠላት ቢመጣ እንዴት ይወጣል?» አሉት። ልጁ አየ። «አይችልም» አለ። «በዚያስ?» ሌላውን ጎን አሳዩት። «አይችልም።» «ታዲያ ግንቡ ይሄ ነው። ሰው አልሠራውም» አሉት።

ከዚያ በኋላ ነበር እኔ ማውራት የጀመርኩት። በሣህለ ሥላሴ ዘመን ይህ ኮረብታ ዙሪያውን በጠንካራ የእንጨት አጥር በላይ በላዩ የታጠረ ነበር። የመጡት አውሮፓውያን ጽፈውታል፣ ሥዕሉንም ስለውታል። አጥሩም እልፍኙም አዳራሹም አብዛኛው እንጨትና ጭቃ፣ ክዳኑም ሣር ነበር። ካርካሶን ያሉት ሰዎች ድንጋይ ከመረ፤ የእኛዎቹ ገደል መርጠው አናቱ ላይ አጥር ሠሩ። እንጨት ይበሰብሳል፣ ገደል ግን አይበሰብስም። ልጁ ይህን ለእህቱ በፈረንሳይኛ ሲተረጉምላት ሰማሁ፤ እጁን እንደ ሽማግሌው እያወናጨፈ ነበር።

የአንኮበርን ስም የአካባቢው ሰው «የአንኮ በር» ብሎ ይፈታዋል፤ አንኮ በጥንት ጊዜ ቦታውን ትገዛ የነበረች የኦሮሞ እመቤት ናት ይባላል። የሸዋ መስፍን አምኃ ኢየሱስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መቀመጫው አደረጋት። ከእሱ ቀጥለው አስፋ ወሰን፣ ወሰን ሰገድ፣ ከዚያም ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም የገዛው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ተቀመጡባት። የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ በ1836 ዓ.ም እዚሁ ሰሜን ሸዋ አንጎለላ ተወለደ። ክርስትና ስሙ ሣህለ ማርያም ነበር፤ ዓለም የሚያውቀው ግን ምኒልክ ብሎ ነው። ገና የ11 ዓመት ልጅ ሳለ ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ይዘው፣ አባቱ ኃይለ መለኮትም ሞቶ፣ ወደ መቅደላ ተወሰደ። «በእኔ ዕድሜ?» አለ ልጁ። አዎን፣ በአንተ ዕድሜ። አሥር ዓመት ያህል እዚያ ኖሮ በ1857 ዓ.ም አምልጦ ተመለሰ፤ አገሩም ተቀበለው። ከነገርኩት ሁሉ ልጁን የያዘው ይኸኛው ነው። ምን ይበላ እንደነበር፣ እናቱ የት እንደነበረች፣ እንዴት እንዳመለጠ ደጋግሞ ጠየቀኝ። ወላጆች ሆይ፣ ልጆችን ለታሪክ የሚያስጠጋቸው የንጉሥ ዘውድ አይደለም፤ በእነሱ ዕድሜ የነበረ ልጅ ነው።

አሁን ስለ ሐረር ያልኩትን ላንሳ። ከኮረብታው ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ሲታይ አልዩ አምባ አለች። የአርጎባ ነጋዴዎች ከተማ ነበረች፤ የሐረርና የታጁራ ሲራራ ነጋዴ ወደ ሸዋ የሚገባው በእርሷ በኩል ነው። ልጁ «ምን ይሸጡ ነበር?» አለ። ጨው፣ አልኩት፤ አሞሌ ጨው በዚያ ዘመን ገንዘብም ነበር። ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ጨርቅ። እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። እናቱም እንዳቆም በዓይኗ ነገረችኝ። ነገር ግን በዚያ መንገድ ሰውም ተሸጦ ወርዷል። ከአልዩ አምባ አጠገብ የባሪያ ገበያ እንደነበረ በዘመኑ የመጡት እንግሊዞች ጽፈዋል፤ ከተሸጡት ውስጥ ልጆችም ነበሩ። ነገርኩት።

ዝም አለ። ቆይቶ «ካርካሶንም እንደዚህ ነው» አለኝ። መምህሩ የነገረውን ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1209 የመስቀል ጦረኞች ከተማዋን ሲይዙ ሕዝቡን ካለበሰው ሸሚዝ በቀር አንዳች ሳያስይዙ አባረሩት። «ግንቡ ቆንጆ ነው፤ ግን ሰዎቹን አስወጡ» አለ። አያቶች ብዙውን ጊዜ የአገራችንን ታሪክ አጣጥበንና አሽሞንሙነን ነው ለልጅ ልጆቻችን የምናቀርበው፤ እንዳያፍሩብን እንፈራለን። የእኔው ልጅ ግን እንዲያውም ቀረብ ብሎ ተቀመጠ።

የፈረንሳዩንም ነገር ጠየቀኝ፤ ቃል ገብቼለት ነበራ። ሮሼ ዴሪኩር የሚባል ፈረንሳዊ እንደ ፈረንጆቹ በ1839 የአፋርን በረሃ አቋርጦ ወደ ሣህለ ሥላሴ መጣ። አገሩ ተመልሶ ስለ ጉዞው መጽሐፍ አሳተመ፤ እንደገናም መጣ። በ1843ም በሣህለ ሥላሴና በፈረንሳዩ ንጉሥ በሉዊ ፊሊፕ መካከል የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። ከእሱ በፊት በ1841 ካፒቴን ሃሪስ የሚባል የእንግሊዝ መልእክተኛ መድፍና ጠመንጃ ይዞ መጥቶ የራሱን ውል አስፈርሟል። ሣህለ ሥላሴ ሁለቱንም በደንብ ተቀበለ፤ የሁለቱንም ስጦታ ወሰደ። ፈረንጆቹ ንግድ ፈልገው መጡ፣ እሱ የፈለገው መሣሪያ ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ በዚያ ኮረብታ ላይ ማን ምን እንደሚፈልግ አጥርቶ ያወቀው እሱ ነው።

ልጁን ያሳቀው ግን ሌላ ፈረንሳዊ ነው፤ አርተር ራምቦ። ፈረንሳይ ውስጥ ስሙን የማያውቅ ተማሪ የለም፤ ግጥም የጻፈው ግን ገና በለጋ ዕድሜው ነው። ከዚያ ግጥሙን እርግፍ አድርጎ ትቶ ሐረር ገባ፤ ነጋዴም ሆነ። እንደ ፈረንጆቹ በ1887 መጀመሪያ፣ በእኛ 1879 ዓ.ም፣ ከታጁራ ጠመንጃ በግመል አስጭኖ ለምኒልክ ሊሸጥ አንኮበር ደረሰ። ምኒልክ ግን አንኮበር አልነበሩም። እንጦጦ ድረስ ተከትሎ ሄደ፤ ጠመንጃውንም ያሰበውን ያህል ሳያተርፍበት አስረከበ። «ገጣሚው? ጠመንጃ?» እያለ ልጁ ሳቀ። ትምህርት ቤት ሲመለስ ለመምህሩ እንደሚነግረው ማለልኝ።

ራምቦ ባዶ ኮረብታ የገጠመው በዚያው በ1879 ዓ.ም አዲስ አበባ የተቆረቆረች ጊዜ ነው። ንጉሡ ሲሄድ መኳንንቱ ሄደ፤ መኳንንቱ ሲሄድ ገበያው ቀዘቀዘ። አንኮበር በጦርነት ሳይሆን በዚህ ዓይነት ነው ያረጀችው። ሰው የማይኖርበትና ክዳኑ የማይታደስ የእንጨት ቤት ስንት ክረምት ይቋቋማል?

ማታ ደብረ ብርሃን ተመልሰን ልጄ ስለ ካርካሶን ያነበበችውን ነገረችኝ፤ እኔም አዲስ ነገር ሆነብኝ። ለካ ያ ልጁ በስልክ ያሳየኝ ግንብ ሊፈርስ ተቃርቦ ነበር። እንደ ፈረንጆቹ በ1850 ገደማ መንግሥት ግንቡ ከምሽግነት መዝገብ ወጥቶ እንዲፈርስ ወስኖ ነበር። ዙሪያውን ድሆች ጎጆ ሠርተውበታል፣ ድንጋዩም ለሌላ ግንባታ ይወሰድ ነበር። የከተማው ተወላጅ የሆነ ክሮ ማይሬቪዬ የሚባል የታሪክ ሰው ተሟገተ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ውሳኔው ተሻረና በ1853 ቪዮሌ ለ ዱክ የሚባለው አርክቴክት ጥገናውን ጀመረ። ያ ሾጣጣ የማማ ክዳን የእሱ ሥራ ነው። «የደቡብ አገር ክዳን እንዲህ አይደለም፣ ከሰሜን ያመጣው ነው» ብለው ዛሬም የሚነቅፉት አሉ። ቢሆንም ከተማዋ በ1997 በዩኔስኮ መዝገብ ገባች።

ይህን ከሰማሁ በኋላ አንኮበር ኮረብታ ላይ ስለነበረው አዲስ ማረፊያ ያለኝ ስሜት ትንሽ ለዘብ ብሏል። «ጥንታዊ አይደለም፣ ማስመሰያ ነው» የሚሉ ሰዎች አውቃለሁ፤ ልክ ናቸው፣ ጥንታዊ አይደለም። ነገር ግን ልጁ አዳራሹ ውስጥ ቆሞ ጣሪያውን ቀና ብሎ ሲያይ «እንደዚህ ነበር ማለት ነው?» አለኝ። ያቺ የግንብ ቁራጭ ብቻዋን ይህን ጥያቄ አታስጠይቅም ነበር። የምፈራው ሌላ ነገር ነው። ሽማግሌው የሚያውቁትን የሚያውቅ ሰው እያነሰ ነው። የትኛው እርከን የማን ግቢ እንደነበረ፣ ንጉሡ በየት በኩል ወርዶ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሳለም እየጠቆሙ አሳዩን። የራሳቸው የልጅ ልጆች የት እንዳሉ ስጠይቃቸው «አዲስ አበባ» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

በነጋታው ጠዋት ደግሞ ተመልሰን ወጣን፤ ይህ የልጁ ሐሳብ ነው። በኮረብታው ዙሪያ ካሉት አብያተ ክርስቲያናት ኪዳነ ምሕረትን ተሳለምን። አንድ አባት መስቀል ሊያሳልሙት ጎንበስ ብለው «ክርስትና ስምህ ማነው?» አሉት። ልጁ እናቱን አየ። እናቱ እኔን አየች። «ወልደ ሚካኤል» አልኩ። እሱ እንዲህ የሚባል ስም እንዳለው ሰምቶ አያውቅም። ቀኑን ሙሉ «ወልደ ሚካኤል፣ ወልደ ሚካኤል» ሲል ዋለ። እህቱ ቀንታ የራሷን አምጪ አለችኝ። ልጄ መኪና ውስጥ በዝግታ «እማዬ፣ የእኔስ?» አለችኝ። የእሷንም ነገርኳት።

ለምትሄዱ ጥቂት ነገር ልበል። ከመነሳታችሁ በፊት ስለ መንገዱ ሁኔታና ስለ ጸጥታው እዚያ ካለ ሰው በስልክ ጠይቁ፤ ይህን አትዝለሉ። የሚሻለው ጊዜ ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ የሚጠራበት ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ነው። በጠዋት ውጡ፤ ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከቆላው እየተነሳ ሁሉንም ይሸፍነዋል። ወፍራም ሹራብና የማያዳልጥ ጫማ ለልጆች ግድ ነው። ጉልበታችሁን የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ዳገቱ አጭር ነው፣ ግን ቀጥ ያለ ነው። ምርኩዝ መያዝ አያሳፍርም። ቆሎና በሶ ያዙ፤ የአገሩ የገብስ ቆሎ እንኳ ለእኛ ለፈረንሳይ ልጆችም ጥሞላቸዋል። አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ያለው ይዞ ይሂድ፤ በገደሉ አፋፍ የምትገኝ፣ በሳይንስ የታወቀችውም እንደ ፈረንጆቹ በ1970ዎቹ የሆነች፣ በአንኮበር ስም የተጠራች ትንሽ ወፍ አለች። እኛ አላየናትም፤ ወይም አይተናት አላወቅናትም። ቦይ የመሰለ ቡናማ ዥንጉርጉር ናት አሉ፤ ዓይን አትስብም። ጊዜ ያላችሁ በወፍ ዋሻ ጫካ በኩል ብታልፉ የጥድና የኮሶ ዛፍ ምን ያህል እንደሚገዝፍ ልጆቹ ያያሉ። ልጥ ማረፊያም አለ፤ ምኒልክ ለጣልያን ጂኦግራፊ ማኅበር የሰጡት ቦታ ነው፣ የቡድኑ መሪ ማርኪስ አንቲኖሪም በ1882 እንደ ፈረንጆቹ እዚያው ሞቶ ተቀብሯል። እኛ ጊዜ አልበቃንም።

ስንመለስ ደብረ ብርሃን ገበያ ቆምን። ልጁ ከበግ ጠጉር የተሠራ የመንዝ ባና አይቶ ካልተገዛልኝ አለ። ከእሱ ይከብዳል፣ በጉ በጉም ይሸታል። እናቱ «ሻንጣው ውስጥ አይገባም» ብላ ተከራከረች። ባለ ባናው ሰውዬ ክርክሩን ቆሞ ሰማና «እመቤት፣ ለብሶት ይሂድ እንጂ ለምን ሻንጣ ውስጥ ይገባል?» አላት። ገዛሁለት። ጫጫ ስንደርስ መሽቷል። ወደ አንጎለላ በየት እንደሚኬድ ሾፌሩን የጠየቀችው ልጄ ናት። «አሁን ጨልሟል፣ ሌላ ቀን ነው» አላት። «ሌላ ቀን መቼ ነው እማዬ?» ብላ ወደ እኔ ዞረች፤ ቱሉዝ እንደገቡ ደውላም ይህንኑ ጠየቀችኝ። ከፋሲካ በፊት የሁለት ሳምንት ዕረፍት አላቸው፤ ቲኬቱ ስንት እንደሆነ እያየች ነው።